ለእናት የመታጠቢያ በርጩማ መሥራት፦ ቫርኒሹን ተወውና አደራረቁን አስብ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። እናቴ ደሴ ናት፤ ጉልበቷን ያማታል። ውዱ ስታደርግም ገላዋን ስትታጠብም የምትቀመጥበት በርጩማ በእጄ ሠርቼ ለኢድ ልሰጣት አስቤያለሁ። የፕላስቲኩ እግሩ ተሰብሮ ሊጥላት ነበር። ባለሙያ አይደለሁም። መጋዝ፣ መዶሻና የተዋስኩት ድሪል አለኝ። ምን ዓይነት እንጨት ልግዛ? ሁለት ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ብቀባው ውኃ ይችላል? ወይስ እንጨት ለመታጠቢያ ቤት ጭራሽ አይሆንም?»

አብሽር፣ ይሆናል። ደሴ ውስጥ እንጀራዬ እንጨት ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ዓመታት የቆየ እንጨትም አይቻለሁ፣ በአንድ ክረምት የጠቆረም አይቻለሁ። ልዩነቱን የሚያመጣው የቅባቱ ውድነት እንዳይመስልህ። እንጨት ውኃ ስለነካው ብቻ አይበሰብስም፤ ሳይደርቅ ሲከርም ነው የሚበሰብሰው። የሚበላው ፈንገስ ነው። በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ ደግሞ ፈንገስ ሥራ አይሠራም። ስለዚህ ጠዋት የረጠበው በርጩማ ማታ ደርቆ መገኘት አለበት። የእንጨቱ ምርጫም፣ ቅርጹም፣ ቅባቱም ለዚሁ ነው።

እንጨት ቤት ከመሄድህ በፊት ደሴ ውጣና ሁለት ነገር ለካ። አንደኛው ቁመት ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው የለመድነው አጭር በርጩማ መከራ ነው፤ መቀመጡ ይቻላል፣ መነሳቱ ነው ጉዱ። እናትህ ቤት ውስጥ ካሉት መቀመጫዎች ከየትኛው ሳይጨነቁ እንደሚነሱ ዝም ብለህ ተመልከት፤ የእሱን ቁመት ውሰድ። ለአብዛኛው ሰው ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። በጣም ከፍ ካደረግከው ደግሞ እግራቸው መሬት በደንብ አይረግጥም፣ እግር ለማጠብ ማጎንበሱም ይከብዳቸዋል። ሁለተኛው ወለሉ ነው። ሴራሚክ ነው ወይስ ሊሾ ሲሚንቶ? ወደ ውኃ መውረጃው ምን ያህል ያዘነብላል? በሩ ሲከፈት በርጩማው የት ይቆማል? የመታጠቢያ ቤቱን ስፋት ሳያዩ የተሠሩ ስጦታዎች መጨረሻቸው በረንዳ ነው።

ስለ እግሩ ብዛት ላንሳ፣ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛልና። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጎርበጥባጣ ወለል ላይም አይነቃነቅም፤ ሦስት ነጥብ ሁልጊዜ መሬት ይይዛል። ግን ሰው ወደ ጎን ጎንበስ ሲል ክብደቱ ከሦስቱ እግሮች ክልል ቶሎ ይወጣና ይገለበጣል። ውዱ ላይ ደግሞ እግር ለማጠብ ጎንበስ ማለት ግድ ነው። ስለዚህ አራት እግር ይሁን። እግሮቹም ከመቀመጫው ጥግ ጋር እኩል ይቁሙ፤ መቀመጫው ከእግሮቹ አልፎ ወደ ውጭ አይንጠልጠል። ትንሽ መነቃነቁን በኋላ በጎማ እናስተካክለዋለን።

አሁን ወደ እንጨቱ። ለዚህ ሥራ የመጀመሪያ ምርጫዬ የአበሻ ጥድ ነው፣ ያውም ቀዩ መሃሉ። ከፈለግህ ራስህ አረጋግጥ። አሮጌ የጥድ አጥር ቋሚ አግኝና ከመሬት ጋር ሲገናኝ የኖረበትን ቦታ በመጋዝ ቁረጠው። ገጹን እየው። ዳር ዳሩ፣ ነጭ የነበረው ክፍል፣ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል፤ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። መሃሉ ግን ቀይ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ መጋዙ ሲያልፍበት ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ስንት ክረምት አፈር ውስጥ ቆሞ ያልተበላው በውስጡ ባለው ዘይት ምክንያት ነው። ነጩን ክፍል ግን ጥድ ስለተባለ ብቻ አትመነው፤ ቆርጠህ ለማገዶ አድርገው።

ችግሩ አዲስ የአበሻ ጥድ እንደ ልብ የሚገዛ አለመሆኑ ነው። ጥድ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ በስማቸው ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የከለከላቸው ዛፎች ናቸው። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ቢለዋወጥም ምንጩ ያልታወቀ ግንድ አትግዛ። አሮጌ እንጨት ፈልግ። ደሴ ውስጥ የድሮ ቤት በፈረሰ ቁጥር የበር መቃን፣ ወጋግራና ቋሚ ይሸጣል። ለአንድ በርጩማ የሚበቃ ጥድ ከአንድ አሮጌ መቃን ይወጣል። አሮጌ እንጨት ሌላም ጥቅም አለው፤ ደርቆ ያለቀለት ነው። ብቻ መጋዝ ከማስነካትህ በፊት የአሮጌ ስፒከር ማግኔት ይዘህ ዳብሰው። ውስጡ የተሰበረ ምስማር ካለ መጋዝህን ጥርስ አልባ ያደርግልሃል።

ጥድ ካጣህ ዋንዛ ጥሩ ነው። ለመላጊያ ይመቻል፣ ብዙ አይጣመምም፣ መልኩም ያምራል። እሱንም ካጣህ እንጨት ቤቶች ጣውላና ሞራሌ አድርገው የሚሸጡት የፈረንጅ ጥድ ይሠራል፤ እርግጥ እንደ አበሻው አይችልም፣ ግን ቅርጹ በደንብ ውኃ የሚያሳልፍ ከሆነ ያገለግላል። ወይራ ጠንካራና ከባድ ነው፣ ለጀማሪ እጅ ግን ቅጣት ነው። ቁራጭ ካገኘህ ለችንካር አስቀምጠው። ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፣ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ለአጥር ይሁን። ቺፑድ፣ ኤምዲኤፍና ኮምፔንሳቶ አይታሰቡም፤ ውኃ ሲጠጡ ያብጣሉ፣ ይላላጣሉ።

ኮምቦልቻ ስላለህ አንድ ነገር ልጨምር። ፋብሪካዎቹና ደረቅ ወደቡ አካባቢ የዕቃ መጫኛ ፓሌት በርካሽ ይገኛል፣ ጓደኞችህም «እሱን ፍታና ሥራ» ይሉሃል። ፓሌቱ ላይ የተቃጠለ ማኅተም አለ። በላቲን ፊደል «ኤች ቲ» የሚል ከሆነ በሙቀት የታከመ ነው፦ የእንጨቱ ውስጠኛ ክፍል 56 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው። «ኤም ቢ» ካለ ግን በመርዝ ጋዝ የታጠነ ነው፤ ገላ ለሚነካ ዕቃ አታውለው። ኤች ቲውም ቢሆን የተሞቀው ነፍሳት እንዲሞቱ እንጂ ውኃ እንዲችል አይደለም፤ ላዩ ላይ ምን ኬሚካል እንደፈሰሰበትም አታውቅም። ለእናት ስጦታ? እኔ አልመርጠውም።

እንጨቱ መድረቁን ያለ መሣሪያ የምታውቅበት ቀላል ዘዴ አለ። ከገዛኸው አንዱን ቁራጭ የሰፈር ሱቅ ሚዛን ላይ አስመዝነው፣ ክብደቱን እንጨቱ ላይ በእርሳስ ጻፍ። በየጥቂት ቀኑ መዝን። መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። እስከዚያ ድረስ ቤት ውስጥ በየመሃላቸው ስስ እንጨት እያስገባህ ደርድራቸው። ፀሐይ ላይ አታስጣቸው፤ ጫፋቸው ይሰነጠቃል።

ኮምቦልቻ የደረቀ እንጨት ግን ደሴ ሲገባ እንደዚያው አይቆይም። የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለህ። በሐምሌና በነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ የታጠበ ልብስ እንኳ ገመድ ላይ ይሰነብታል። እንጨትም ከአየሩ እርጥበት ይወስዳል፣ ያብጣል። በቁመቱ ብዙም አይለወጥም፣ በወርዱ ነው የሚያብጠው። 30 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው አንድ ወጥ ጣውላ እርጥበቱ ከ10 ወደ 16 በመቶ ቢጨምር እስከ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ዙሪያውን በምስማር ከጠረቅከው ወይ ይቆለመማል ወይ ይሰነጠቃል።

ለዚህ ነው መቀመጫውን ከአንድ ሰፊ ጣውላ አትሥራው የምልህ። አምስት ጠባብ ርብራብ ይበቃል፦ እያንዳንዱ ወርዱ 5፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 40። በየመሃላቸው አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ክፍተት ተው፤ በዓይንህ ገምተህ ሳይሆን፣ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ እንጨት መሃላቸው እያስገባህ እኩል አድርገው። እንጨቱ ለማበጥ ቦታ ያገኛል፣ ውኃው ይወርዳል፣ አየሩ ከሥርም ከላይም ይገባል። የርብራቡን የላይ ጠርዞች በመላጊያ ወይም በራስፓ ክብ አድርጋቸው። ሹል ጠርዝ እርጥብ ገላ ላይ ምልክት ያወጣል። እንዲያውም ከቻልክ የርብራቡን ፊት መሃሉን ትንሽ ከፍ፣ ዳሩን ዝቅ አድርገው። ውኃ እንዳይቋጥር ነው።

እግሮቹን ሁለት ሁለት አድርገህ አስብ። 4 በ5 ከሆነ ሞራሌ የግራ ጎንና የቀኝ ጎን ፍሬም ትሠራለህ፦ ሁለት እግር፣ ከላይ ርብራቡን የሚሸከም አግዳሚ፣ ከታች ከወለሉ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ሌላ አግዳሚ። እግሩና አግዳሚው በሚገናኙበት ቦታ ከሁለቱም ግማሽ ውፍረት ቆርጠህ አንዱን አንዱ ውስጥ አስተኛው። ወንዴና ሴቴ ማያያዣ የበለጠ ይጠነክራል፣ ነገር ግን ጥሩ መሮና የለመደ እጅ ይፈልጋል። ግማሽ በግማሹ በመጋዝ ብቻ ይሠራል። በስኳድራ እያየህ ቀስ በል፤ መስመሩን ከመጋዙ ጥርስ ውጭ አስቀረው፣ ቢጠብ ይላጋል፣ ቢሰፋ ግን መድኃኒት የለውም።

ሁለቱን ፍሬሞች የሚያገናኙ አግዳሚዎች ከመቀመጫው ሥር ከፊትና ከኋላ ይግቡ። ከታች ግን ከኋላ ብቻ። የፊቱን ታች ክፍት ተው። ሰው ከመቀመጫ ሲነሳ ተረከዙን ወደ ኋላ፣ ወደ መቀመጫው ሥር ይስባል። ራስህ ተቀምጠህ ሞክረው፤ እግርህን ወደ ኋላ ሳትስብ መነሳት አትችልም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ያ ቦታ ያስፈልገዋል። ሱቅ ከሚሸጡት ብዙዎቹ እዚህ ጋ ነው የሚስቱት።

ማያያዣው ምን ይሁን? ነጩ ኮላ ውኃ ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ብቻውን አትመነው። ተራ ምስማር ይዝጋል፤ ዝገቱ ከእንጨቱ አሲድ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፣ በኋላም ይላላል። የስቴንለስ ብሎን ተጠቀም፣ በካቻቪቴ እሰር፣ በድሪል ሳትበሳ አታስገባ። ጥድ በቀላሉ የሚሰነጠቅ እንጨት ነውና መጀመሪያ ከብሎኑ የቀጠነ ቀዳዳ ብሳለት። ርብራቦቹን ከላይ ሳይሆን ከሥር፣ በአግዳሚው በኩል ወደ ላይ እሰራቸው። በየጫፉ አንድ ብሎን፣ መሃል ላይ። ብሎኑ ርብራቡን ከግማሽ በላይ ይንከሰው፣ በላይ በኩል ግን ብቅ እንዳይል ርዝመቱን አስቀድመህ ለካ። ስቴንለስ ካጣህ የወይራ ችንካር ጠርበህ መትተህ አስገባ። አባቶቻችን በዚያ ነው ያቆሙት።

ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። 80 ቁጥር፣ 120፣ መጨረሻ 180። ከዚያ በላይ አትለፍ፤ መስታወት የሆነ እንጨት ሲረጥብ ያንሸራትታል። አንድ የማይዘለል ነገር አለ፦ 180 ካለፍክ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ አብሰውና ይድረቅ። በእጅህ ስትዳብሰው ፀጉሩ ቆሞ ሸካራ ሆኖ ታገኘዋለህ። አሁን መልሰህ በ180 ለስልሰው። ይሄን ካላደረግክ መጀመሪያ የታጠቡበት ቀን ያው ፀጉር ይቆማል። የጥድ ብናኝ አፍንጫና ዓይን ይቆጠቁጣልና ማስክ አድርግ።

ወደ ቫርኒሽህ እንምጣ። ቫርኒሽ ላይ ላዩን የሚተኛ ቆዳ ነው። እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ቆዳው መጋጠሚያዎቹ ላይ ይሰነጠቃል። ውኃ በዚያች ስንጥቅ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። እርጥብ ካልሲ ላይ ቦቲ እንደማጥለቅ ነው። ትንሽ ቆይቶ ከሥሩ ይጠቁራል፣ ይላላጣል፤ ያኔ ደግሞ ሙሉውን ፍቆ ማውጣት ግድ ይሆናል። በዚያ ላይ ሲረጥብ ያንሸራትታል።

የምመክርህ የተልባ ዘይትና ሰም ነው። ዘይቱ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፣ እዚያው ይደርቃል፤ እንጨቱ ግን መተንፈሱን አያቆምም። ቀለም ቤት «ሊንሲድ ኦይል» ብለው የሚሸጡት ማድረቂያ የተጨመረበት ከሆነ ቶሎ ይደርቃል። ከመጭመቂያ የምትገዛው ጥሬው የተልባ ዘይትም ይሆናል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የቤት የፓልም ዘይት በፍጹም፤ አይደርቅም፣ እያጣበቀ ይኖራል። ሰሙን ጠጅ ከሚጥሉ ቤቶች ሰፈፍ ለምነህ አቅልጠህ በጨርቅ ማጥለል ትችላለህ። አንድ እጅ ሰም ለአምስት እጅ ዘይት። ሰም 64 ዲግሪ ሳይደርስ ይቀልጣልና እሳት ላይ በቀጥታ አትጣደው፤ ውኃ በሚፈላበት ድስት ውስጥ ቆርቆሮውን አስቀምጠህ አቅልጠው። ለብ እንዳለ በጨርቅ አሸው። ግማሽ ሰዓት ጠብቅና ያልጠጣውን ሙልጭ አድርገህ ጥረገው። ላዩ ላይ የቀረ ዘይት ሙጫ ይሆናል። በማግስቱ ሳይሆን ሲደርቅ ድገመው፣ ከዚያ ሦስተኛ።

ዘይቱን የጠረግክበትን ጨርቅ ጨብጠህ ጥግ ላይ አትወርውር። ይሄን በቀላሉ አትየው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ኦክስጅን ይወስዳል፣ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ተጨማድዶ ከተቀመጠ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው ይነዳል። ሰጋቱራ አጠገቡ ካለማ አስበው። ጨርቁን ውኃ ውስጥ ንከረው፣ ወይም ደጅ ዘርግተህ እስኪደርቅ ተወው።

የእግሩን ጫፍ ለብቻው አነሳዋለሁ፣ መበስበስ ከዚያ ስለሚጀምር። እንጨት በተቆረጠ ጫፉ ውኃ የሚስበው በጎኑ ከሚስበው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የእግሩም ጫፍ ሁልጊዜ ኩሬ ላይ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ዘይት ከመቀባትህ በፊት ጫፎቹን ማስቲሽ ሁለት ጊዜ አጥግባቸው። ከዚያ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በእግሩ ልክ ቆርጠህ ለጥፍባቸው። ቅደም ተከተሉን አትቀይር፤ ሰም የነካው እንጨት ማስቲሽ አይዝም። ላስቲኩ ውኃውን ይከለክላል፣ መንሸራተትንም ይቀንሳል። ደሴ ወስደህ ቦታው ላይ ስታቆመው አንዱ እግር ከተንጠለጠለ ያችን እግር ላይ ሌላ ድርብ ላስቲክ ጨምር። ወለሉ አዘነበለ ብለህ እግር እንዳትቆርጥ፤ ነገ ቦታ ሲቀየር ይንገዳገዳል።

ጊዜህን ከኢድ ወደ ኋላ ቆጥረህ ያዝ። ሥራው ብዙ አይፈጅብህም፣ ዘይቱ ነው የሚያስጠብቅህ። የመጨረሻውን ቅባት ካስነካህ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ሳምንት ስጠው። ይሄን ኮምቦልቻ እያለህ ጨርሰው። እዚያ ሞቃት ነው፣ ደሴ ላይ በብርዱ ይጎተታል።

ከመስጠትህ በፊት ራስህ ቁጭ በልበት። ከዚያ ቁምበት፣ ወደ ጎን ተደገፍ፣ አንድ ከበድ ያለ ጓደኛህን አስቀምጥበት። ድምፅ የሚያሰማ መጋጠሚያ ካለ ፍታና አጥብቀው። እናትህ እንዲሞክሩት አትጠብቅ።

አያያዙ ቀላል ነው። ታጥበው ሲጨርሱ በንጹህ ውኃ ማለቅለቅና በጎኑ አስተኝቶ መተው። ሳሙና አልካላይ ነው፤ የተልባ ዘይትን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ስለዚህ ወለሉን በኦሞ ሲያጥቡ በርጩማው ይውጣ። በረኪናም አይንካው። ጥቁር ነጠብጣብ ካወጣ አቼቶ በውኃ በጥብጦ በብሩሽ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ፣ ዘይት መመለስ። አቼቶና በረኪና ግን አንድ ላይ እንዳይገናኙ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ። ከክረምት በፊት አንድ ጊዜ፣ ከክረምት በኋላ አንድ ጊዜ በዘይትና ሰሙ አሸው። ይሄን ሥራ ለእሳቸው አትተው፤ የተረፈውን ቅባት በጠርሙስ ይዘህ አንተ ስትመጣ ቀባው።

አንድ የቀረህ ነገር አለ። እናቶቻችንን እናውቃቸዋለን። ልጃቸው በእጁ የሠራውን ቀይ ጥድ ሲያዩ «ይሄማ ውኃ አይነካውም» ብለው ሳሎን ያስቀምጡታል፣ ዳንቴል ያለብሱታል፣ ለእንግዳ ያሳያሉ። አንተም ተመልሰህ ስትመጣ ያቺን እግሯ የተሰበረ ፕላስቲክ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በሽቦ ታስራ ታገኛታለህ። ስለዚህ የኢዱ ዕለት ስትሰጣቸው ራስህ መታጠቢያ ቤት አስገባው፣ አንተው ተቀምጠህ ውዱ አድርግበት፣ በደንብ አርጥበው። ፕላስቲኩን ደግሞ ስትወጣ ይዘኸው ሂድ።